ከከተማዋ ግርጌ፦ አቃቂ፣ ወንዙና የአዲስ አበባ ታሪክ ጉድለት

የአዲስ አበባ ታሪክ ከላይ ወደ ታች መጻፍ ለምዷል። ከእንጦጦ ይነሣል፤ ወደ ፍልውሃ ይወርዳል፤ ግቢውን፣ አራዳንና ፒያሳን አዳርሶ ለገሃር ሲደርስ ይደክመዋል። ከዚያ በታች ያለው፣ ሳሪስን አልፎ በቃሊቲ በኩል እስከ አቃቂ የሚዘልቀው ከተማ «የኢንዱስትሪ አካባቢ» ተብሎ በአንድ አንቀጽ ይዘጋል። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች ያሳተማቸው ጥራዞችም ሆኑ የከተማዋን መቶኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ እ.ኤ.አ. በ1986 የተካሄደው ሲምፖዚየም መድበል ለዘርፉ መሠረት መጣላቸው አያከራክርም። ይሁን እንጂ በዘርፉ የሰፈነው ዕይታ ቤተ መንግሥቱን፣ ገበያውንና የመኳንንቱን ሰፈር ማዕከል ያደረገ ነው። በዚህ ዕይታ አቃቂ ባቡር የሚያልፍበት፣ ፋብሪካ የሚተከልበት ሜዳ ከመሆን አያልፍም። ቦታውን ከወንዙ ተነሥተን ስናነበው ግን ሌላ ነገር እናያለን። አቃቂ ኋላ ላይ በከተማዋ ላይ የተለጠፈ ዳርቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ብርሃን፣ ሸቀጥና ውሃ ስታገኝበት፣ ቆሻሻዋንም ስታራግፍበት የኖረች፣ ያለ እርሱ ልትቆም የማትችል ግማሽ አካሏ ነው።

መልክዐ ምድሩን እናስቀድም። እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋል፤ የአቃቂ ሜዳ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ተንጣሏል። በመካከል ያለው ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት በከተማዋ ላይ የሚዘንበውን ሁሉ ወደ ደቡብ ይነዳዋል። ቀበና፣ ግንፍሌና ባንተይቀጡ ከለገዳዲ አቅጣጫ ለሚመጣው ትልቁ አቃቂ ይገብራሉ። ትንሹ አቃቂ ከገፈርሳ ተነሥቶ የከተማዋን ምዕራብ እየታከከ፣ መካኒሳን አልፎ ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። ሁለቱ አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ያመራሉ። በምሥራቅ የረር፣ በምዕራብ ፉሪና ወጨጫ የከለሉት ይህ ሜዳ የቱለማ ኦሮሞ አራሽና አርቢ የኖረበት፣ በክረምት እግር የሚይዝ ጥቁር መረሬ የለበሰ የጤፍ አገር ነው። ከመረሬው ሥር ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። በጂኦሎጂ ዕድሜው ወጣት የሆነ ባዛልትና የመንገድ ሠራተኞች «ሬድ አሽ» የሚሉት ባለ ቀዳዳ ቀይ ድንጋይ ተነባብሮ ይገኛል። ውሃ እንደ ልቡ የሚሰርግበትና የሚጠራቀምበት ድንጋይ ነው። ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ የአካባቢው ታሪክ ግማሹ እዚያ ውስጥ ተቀብሯልና።

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በገንዘብ እጥረትና በኃያላን መንግሥታት ሽኩቻ ለዓመታት ተጓተተ። አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው። ብዙ ጸሐፊዎች የመጨረሻውን ዓመት ይይዙና የመጀመሪያውን ይረሱታል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ግን የሀዲዱ ጫፍ፣ ከዋና ከተማዋ 23 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው አቃቂ ነበር። ከባሕር የመጣ ዕቃ እዚህ ይራገፍና ቀሪውን መንገድ በጭነት ከብት ሽቅብ ይወጣል። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱበትና የሰገሌ ጦርነት በተካሄደበት በዚያ የቀውጢ ዘመን የአገሪቱ የንግድ በር ለጊዜው የወንዝ ዳር ሜዳ መሆኑ ከግርጌ ማስታወሻ በላይ ቦታ ይገባዋል።

ኃይልም የመጣው ከዚያው ከወንዙ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1911 እና 1912 ገደማ፣ አቃቂ ወንዝ ላይ የተተከለው አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ ለከተማዋ ጥቃቅን ፋብሪካዎች ኤሌክትሪክ ይሰጥ ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ ሁለቱ ወንዞች በሚገናኙበት ሥፍራ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ። አቃቂ የሬዲዮ ጣቢያም ነበራት። ጣቢያውን የገነባው የጣሊያን ኩባንያ መሆኑ ታሪክ አንዳንዴ የሚሠራው ምጸት ነው፤ ሥራ የጀመረው አገሪቱ በጣሊያን ልትወረር ወራት ብቻ ሲቀሯት፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ነበርና፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭው ዓለም አቤት ያሉት በዚሁ ጣቢያ በኩል ነው። አባ ሳሙኤል በ1970ዎቹ ሥራ አቆመ። ሐይቁን ደለል ሞላው፤ እምቦጭ ለበሰው፤ ከላይ የሚወርደው ቆሻሻ አጠቆረው። እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደገና ማመንጨት ሲጀምር ተርባይኑ አዲስ፣ ውሃው ያው ነበር።

ፋብሪካዎቹ ሀዲዱንና ወንዙን ተከትለው መጡ። በ1950ዎቹ መገባደጃ የህንዱ ቢርላ ቡድን ከኢትዮጵያ ጋር በሽርክና ያቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አካባቢውን ከባቡር ፌርማታነት ወደ ሠራተኛ ከተማነት አሸጋገረው። የደርግ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 ፋብሪካዎችን ሲወርስ አቃቂ የዕቅድ ኢኮኖሚው መታያ ሆነች፤ የመለዋወጫና የእጅ መሣሪያ ማምረቻዎች ተጨመሩ። ስለ ፈረቃው፣ ስለ ፉጨቱ፣ ስለ ሠራተኛ ማኅበራቱ ብዙ መጻፍ ይቻላል፤ መጻፍም አለበት። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ማቅለሚያና ማጠቢያ ያለው ማንኛውም ፋብሪካ ወንዝ ዳር የሚተከልበት ምክንያት ሁለት መሆኑ ነው፦ ውሃ ለመውሰድም፣ ውሃ ለመጣልም። የኢንዱስትሪ ታሪካችን የመጀመሪያውን «የጥሬ ሀብት አቅርቦት» ብሎ በክብር ሲመዘግብ ሁለተኛውን ዝም ብሎታል።

እዚህ ላይ የነገሩ ልብ ይመጣል። የገፈርሳ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1944 ትንሹን አቃቂን፣ የለገዳዲ ግድብ ደግሞ በ1970 ገደማ የትልቁን አቃቂ ገባር ከአናታቸው ያዟቸው። ስለዚህ የሁለቱም ወንዞች ንጹሕ ውሃ ገና ከተማ ሳይገባ ተጣርቶ ወደ ቧንቧ ይሄዳል። በቤቶች፣ በሆስፒታሎች፣ በጋራዦች፣ በቆዳ ፋብሪካዎችና በቄራ ካለፈ በኋላ ወደ ወንዙ ሲመለስ ሌላ ፈሳሽ ሆኗል። በበጋ ወራት አቃቂ ድልድይ ሥር የሚያልፈው፣ ያለ ማጋነን፣ ከተማዋ ተጠቅማ የጣለችው ውሃ ነው። ከተማዋ እያደገች፣ የግድቦቹ ውሃ ሲያንሳት ደግሞ ፊቷን ወደዚያው ወደ ግርጌዋ አዞረች። በዚያ ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ውስጥ የተጠራቀመው የከርሰ ምድር ውሃ በአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ተስቦ፣ በፓምፕ ሽቅብ ተገፍቶ ለከተማዋ ይታደላል። ዛሬ የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ጉልህ ድርሻ ከዚህ ይመጣል።

ዑደቱን ልብ እንበል። ውሃው ከአቃቂ ሥር ይወጣል፤ ሽቅብ ይሄዳል፤ ከተማው ይጠቀምበታል፤ ቁልቁል በአቃቂ ላይ ይመለሳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ታምሩ ዓለማየሁን ጨምሮ የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪዎች ከሁለት አሥርት ዓመታት በፊት ጀምሮ ሲያስጠነቅቁ የኖሩት ይህንኑ ነው፤ ውሃ በቀላሉ የሚያስገባ ድንጋይ መርዝም በቀላሉ ያስገባል። ከተማዋ የምትጠጣውና የምትጥለው በአንድ ቦታ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ተነባብረው ይኖራሉ። ቃሊቲ የሚገኘው የፍሳሽ ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም እንዲኖረው መደረጉ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ማጣሪያ የሚያጣራው በመስመር የደረሰውን ብቻ ነው፤ አብዛኛው የከተማዋ ቤት ደግሞ ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም። ቀሪው መንገዱን ራሱ ያውቀዋል።

በጥር ወይም በየካቲት የወንዙን ዳርቻ ተከትሎ ለሄደ ሰው የሚታየው ትዕይንት ተመሳሳይ ነው። ወንዙ አፋፍ ላይ አንዲት አነስተኛ የናፍጣ ፓምፕ ትንተከተካለች፤ የጎማ ቱቦዋ ከጥቁሩ ውሃ ስባ ወደ መደቦቹ ትተፋለች። ሰላጣው፣ ቆስጣው፣ ድንቹ፣ ቀይ ሥሩ ለዓይን ያማረ ነው። ካሮቱ ከአፈሩ ተነቅሎ በዚያው ውሃ ይታጠባል፣ በማዳበሪያ ይሞላል፣ ጎሕ ሳይቀድ ተጭኖ ወደ ገበያ ይወጣል። ማታ ላይ ጉሊት «የአቃቂ ነው?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ስትመጣ ነጋዴዋ ሌላ አገር ስም ትጠራለች። የወንዝ ዳር እርሻው የቆየ ነው፤ ከተማዋ የምትበላው ቅጠላ ቅጠል ትልቅ ክፍል በወንዞቿ ዳር ይበቅላል።

ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈው ጥቂት አይደለም። ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት በአዲስ አበባ ወንዝ ዳር የሚበቅሉ አትክልቶች ከባድ ብረታ ብረቶችን እንደሚይዙ፣ ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይልቅ እንደሚብሱ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በርካታ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚሁ ላይ ሠርተዋል። ቅሬታዬ በልኬቱ ላይ አይደለም፤ ከልኬቱ በኋላ በሚመጣው ድምዳሜ ላይ ነው። የምክር ሐሳቡ ክፍል ሲደርስ አብዛኛው ጥናት ገበሬው «ግንዛቤ» እንዲሰጠው ይመክራል፤ አንዳንዱም በወንዙ ውሃ ማልማት እንዲከለከል። ገበሬው ውሃው ምን እንደሚሸት የማያውቅ ይመስል! ጅቡ ከላይ ሆኖ እየጠጣ ከታች ያለችውን አህያ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ሲላት «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው ለእንዲህ ያለው ክስ ነው። ንጹሑ ውሃ በገፈርሳና በለገዳዲ ተይዞ፣ ከሥሩ ያለውም በጉድጓድ ተስቦ ወደ ላይ እየሄደ፣ ለአቃቂ ገበሬ የቀረለት አንድ ውሃ ብቻ መሆኑን የሚጠይቅ ጥናት ለማግኘት ብዙ መድከም ያስፈልጋል። ኬሚስትሪው የተሟላ ሆኖ ታሪኩ ጎድሏል።

የወሰን ጥያቄም ከወንዙ ሲታይ መልኩ ይለወጣል። አቃቂ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር፤ በኋላ በአዲስ አበባ ተጠቃሎ ዛሬ አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ይባላል። ከ2000ዎቹ ወዲህ በቱሉ ዲምቱ፣ በቂሊንጦና በኮዬ ፈጬ የተነሡት የኮንዶሚኒየም መንደሮች የጤፉን ማሳ በልተው ከተማዋን ወደ ኦሮሚያ ገፏት። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው የተቀናጀ ማስተር ፕላን የቀሰቀሰው ተቃውሞ፣ ዕቅዱ በጥር 2016 እ.ኤ.አ. መሰረዙ፣ በ2019 በኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ የተነሣው ውዝግብ ሁሉ በመሬት ቋንቋ ተጽፈዋል። ተገቢም ነው፤ የተፈናቀለው ገበሬ ያጣው መሬት ነውና። ነገር ግን ወንዙ ከኦሮሚያ ተነሥቶ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ፣ አባ ሳሙኤል ላይ ተመልሶ ኦሮሚያ ይገባል። የከተማዋ ግድቦች ያሉት በክልሉ ምድር ነው፤ የከተማዋ ፍሳሽ የሚወርደውም እዚያው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49(5) ስለ ኦሮሚያ ልዩ ጥቅም ሲደነግግ የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምን በስም ይጠቅሳል። በአደባባይ ክርክሩ ግን ይህ ሐረግ ሲነሣ ሰው የሚያስበው የሚወሰደውን ውሃ ነው፤ የሚመለሰውን ውሃ የሚያነሣ የለም ማለት ይቀላል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የተደረገው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ያለመ ነበር። በወረቀት ላይ አቃቂ በርዕሱ ውስጥ አለች። በመሬት ላይ ቀድመው የተመረቁት ግን የወዳጅነት አደባባይና የእንጦጦ ፓርክ ናቸው፤ ሁለቱም ከላይ። ከላይ መጀመር በምህንድስና አያስወቅስም፤ ወንዝ የሚጸዳው ከምንጩ ነው ይባላል። ችግሩ በመናፈሻ የተዋበ ዳርቻ እና የጸዳ ውሃ አንድ አለመሆናቸው ነው። ለእግረኛ መንገድ ተሠርቶለት፣ ሣር ተተክሎለት፣ መብራት በርቶለት ውሃው እንደ ጠቆረ ሊያልፍ ይችላል። የወንዝ ልማት መለኪያው ታችኛው ጫፍ ላይ ተቀድቶ በሚመረመር አንድ ጠርሙስ ውሃ ቢሆን ኖሮ ስለ ስኬቱ የሚጻፈው ዘገባ ሌላ በሆነ ነበር።

በክረምት ደግሞ የከተማዋና የአቃቂ ግንኙነት ይገለበጣል። ግድቦቹ ሲሞሉ የከተማዋ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በራዲዮና በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ያስነግራል፤ በሮቹ ስለሚከፈቱ ከግድቡ በታች ያላችሁ ተጠንቀቁ ይላል። በበጋ የተነፈገው ንጹሕ ውሃ በነሐሴ ሳይጠሩት ይመጣል።

አቃቂን የመጨረሻ ታች ቤት አድርጎ መሳልም ግን ስሕተት ነው። ውሃው ከአባ ሳሙኤል ወጥቶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ወደ ቆቃ ይገባል። ከቆቃ በታች አዳማ የቧንቧ ውሃዋን የምትቀዳው ከዚሁ ከአዋሽ ነው፤ ወንጂም ሸንኮራ አገዳውን የሚያጠጣው ከዚሁ ነው። ከለገሃር ሲታይ ግርጌ የሆነው አቃቂ ከወንጂ ሲታይ ራስጌ ነው፤ እዚያ ለሚጻፍ የወንዝ ታሪክ ደግሞ ከተከሳሾቹ መካከል እርሱም ይቆማል።