ውኃን ስለሚታገሥ የድንጋይ ክምር

ኢሉባቦር ከባሕር የራቀ አገር ነው፤ ይሁን እንጂ ከመቱ ወደ ጎሬ፣ ከጎሬም በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ በሚወርደው ጎዳና ላይ የድልድዮችን እግር ከጎርፍ የመጠበቅ ሥራ የተሰጠው ሰው፣ በወደብ አፍ ላይ የማዕበል መስበሪያ ክምር ከሚያቆመው መሐንዲስ ጋር በአንድ ሕግ የሚተዳደር የሙያ ወንድም ነው፤ ሁለቱም የሚተማመኑት ሳይጣበቅ በክብደቱና በአቀማመጡ ብቻ በሚጸና ድንጋይ ነውና።

ይህን ሕግ የስፔኑ መሐንዲስ ኢሪባረን በ1938፣ አሜሪካዊው ሃድሰንም በ1959 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በቀመር ገልጸውታል፦ የማዕበሉ ቁመት እጥፍ በሆነ ጊዜ ሊቋቋመው የሚገባው ድንጋይ ክብደት ስምንት እጥፍ ይሆናል። በወንዝ ዘንድ ደግሞ የጅረቱ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን የክብደቱ ብዛት 64 እጥፍ ይደርሳል፤ ስለዚህ በበጋ 5 ኪሎ ድንጋይ ሳያነቃንቅ የሚያልፍ ወንዝ፣ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚወርድበት በዚህ ደጋ ነሐሴ ገብቶ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን፣ 320 ኪሎ ይጠይቃል። ድንጋይም ሙሉ ክብደቱን ይዞ ወደ ውኃ አይገባም፤ በሜትር ኩብ 2.7 ቶን የሚመዝነው፣ በተጠለቀ ጊዜ የሚቀርለት 1.7 ቶን ብቻ ነው።

የሥራው ምሥጢር ከካባው ይጀምራል። ዝናብ የበዛበት አገር ድንጋይን ከላይ እስከ ውስጥ ያበሰብሳልና፣ በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ጥርት የማይለውን መተው ይገባል። ከወንዝ ዳር የሚለቀመው ድቡልቡል ድንጋይ ለመጫን ቢመችም ይንከባለላል፤ ከካባ የተፈለጠው ባለ ማዕዘን ግን ጎረቤቱን ነክሶ ይይዛል። ሲቀመጥም ረዥሙ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ከታቹ በሦስት ድንጋዮች ላይ ተደላድሎ፣ በድጅኖ ቢነቀንቁት የማይወዛወዝ መሆን አለበት። ከትልልቁ በታች መካከለኛ፣ ከመካከለኛውም በታች ጠጠር ካልተነጠፈ፣ ውኃ በየክፍተቱ እየገባና እየወጣ ከሥሩ ያለውን ቀይ አፈር ያጥበዋል፤ ያን ጊዜ ከላይ አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይነሣ ክምሩ በሙሉ ይሰምጣል። ግርጌውም ጎርፍ ከሚቦረቡረው ጥልቀት በታች ካልተተከለ የላይኛው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው።

ብዙዎች በሲሚንቶ የተያያዘ ግንብ ከክምር ይልቅ ጽኑዕ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ጎርፉ ፈጥኖ ሲጎድል ከግንቡ ጀርባ የቀረው ውኃ መውጫ አጥቶ ይገፋዋል፤ ስሩ ሲቦረቦርም ግንቡ መጎንበስ አያውቅምና ይሰነጠቃል። ክምር ግን ውኃውን ወደ ውስጡ ተቀብሎ በክፍተቶቹ መካከል ኀይሉን ያደክመዋል፤ መሠረቱ ጥቂት ቢሸሽም ድንጋዮቹ ወርደው ቀዳዳውን ይሞላሉ።

ይህ ትዕግሥቱ ግን ጠባቂ ይሻል። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በጠራ ጊዜ፣ በኅዳር፣ ግርጌውን እየረገጡ መርምሮ የጎደለውን በዚያው ዓመት መተካት፣ ከዲዛይኑ ጋር እኩል የመሐንዲሱ ግዴታ ነው። በጀት የሚመድቡ ሹማምንትም ድልድይ ሲያሠሩ ለየዓመቱ ጥገና የሚሆነውን ድንጋይ አብረው ሊቈርጡለት ይገባል፤ ጥቂት ሜትር ኩብ ድንጋይ የነፈጉት ጎርፍ ድልድዩን ይወስዳልና።