የቤት ኮምፒዩተሮች ክርክርና የተዘነጋው ፊደል

በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረቡት የኮሞዶር 64 እና የዜድ ኤክስ ስፔክትረም ደጋፊዎች የየመሣሪያቸውን ብልጫ ለማስረዳት ሲከራከሩ፣ ዋነኛ ማስረጃ አድርገው ከሚያቀርቧቸው አንዱ የፕሮግራሞች ብዛት ነው። ይህ መለኪያ ጨዋታ ለሚሻ ገዢ አግባብ መሆኑ አይካድም፤ ለትምህርት ግን ጎዶሎ ነው። በጉለሌ፣ ዊንጌት እንዳለው ባለ የቴክኒክና ሙያ ተቋም የሚያስተምር መምህር አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ከነዚህ ሁሉ ፕሮግራሞች ስንቱ በተማሪው ፊደል ይጽፋል የሚለውን ነው።

በስፔክትረም ተጠቃሚው እንዲቀርጻቸው የተመደቡት ምልክቶች 21 ብቻ ሲሆኑ፣ የአማርኛ ፊደል ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ 33ቱ ሆሄያት በሰባት ተባዝተው 231 ቅርጽ አላቸው። የኮሞዶር አንድ የፊደል ገበታ 256 ቅርጾችን ይይዛል። ይኸውም ፊደሉ በሙሉ ቢገባበት የሚተርፈው 25 ስፍራ ለ26ቱ የላቲን ፊደላት እንኳ አይበቃም፤ አኃዝና ሥርዓተ ነጥብማ ከነአካቴው ቦታ የላቸውም። በ8 በ8 ነጥብ ውስጥ «ጨ»ን ከ«ጬ» ለይቶ መሣልም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በዚህ ረገድ ሁለቱ ተፎካካሪዎች የሚለያዩት በጥቂቱ ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደሉ በዩኒኮድ 3.0 መካተቱ ጽሕፈቱን ከመሣሪያው ዓይነት አላቀቀው። የትምህርቱን ይዘት ግን አላዘጋጀም፤ በአማርኛ የሚሠራ የሒሳብ መለማመጃ የሚገኘው መምህሩና ፕሮግራም አዘጋጁ አብረው ሲጽፉት ነው፤ ለዚህም ከግዢው በጀት ጋር ጊዜና ገንዘብ ሊያዝለት ይገባል።