ሹክሹክታውን ያልሰማችው

በሉቃስ ወንጌል ኤልሳቤጥ የማርያምን ሰላምታ ስትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትናገራለች፤ ጽንሱም በማኅፀኗ ይዘላል። እኛ «ሰገደ» እንላለን። ምሥጢሩ የሚወጣው በአዋጅ ነው። አሜሪካዊው የቪዲዮ ጥበብ ባለሙያ ቢል ቫዮላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ለቬኒስ ቢየናሌ ባቀረበው «ሰላምታ» የተሰኘ የቪዲዮ ሥራ ግን አዋጁ ሹክሹክታ ሆኗል። ሥራው ዘወትር የሚወደሰው በዝግታው ነው፤ እኔ ግን ቁም ነገሩን የማገኘው በዚህ ሹክሹክታ ውስጥ ነው።

መነሻው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ፖንቶርሞ በ1528 ገደማ የሣለው፣ በቱስካኒዋ ካርሚኛኖ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ሥዕል ነው። ማርያምና ኤልሳቤጥ ተቃቅፈው ይተያያሉ፤ ከኋላቸው የቆሙት ሁለት ሴቶች በቀጥታ እኛን ይመለከታሉ። ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ጋኔንና ከሃዲ በጎን በሚሣልበት የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ላደገ ሰው ቅዱሳቱ በጎን፣ ደንገጡሮቹ ፊት ለፊት መሆናቸው መጀመሪያ ግር ይላል። የደንገጡሮቹ ድርሻ ግን ግልጽ ነው፤ ተመልካቹን ምስክር ያደርጉታል።

ቫዮላ ከአራቱ አንዷን ቀነሰ። ሁለት ሴቶች ቆመው ሲያወሩ አንዲት ነፍሰ ጡር ትመጣና ትልቋን አቅፋ በጆሮዋ የሆነ ነገር ትነግራታለች። 45 ሰከንድ ገደማ የፈጀው ድርጊት በሰከንድ 300 ምስል በሚያነሣ ካሜራ ተቀርጾ ወደ 10 ደቂቃ ተለጥጧል። በተራ ፍጥነት ያመልጠን የነበረው የሌላዋ ሴት ፊት ነው፦ የጀመረችው ወሬ ተቋርጦባት፣ ፈገግታዋ መንገድ ላይ ቀርቶባት፣ እስኪያስተዋውቋት ትጠብቃለች። ማስተዋወቁ ይመጣል፤ ግን ዘግይቶ። ፖንቶርሞ ምስክር ያደረገንን ቫዮላ ከእሷ ጋር ደጅ አቆመን።

ነፋሱን ግን አልወደድኩለትም። በፖንቶርሞ ሰሌዳ ላይ ልብሱ የሚያወዛውዘው ነፋስ ሳይኖር ይነፋል፣ እግሮቹም መሬት የረገጡ አይመስሉም። ቫዮላ እውነተኛ ነፋስ አምጥቶ ለተአምሩ የአየር ጠባይ ምክንያት ሰጠው። ፍሎረንስ ውስጥ ፓላዞ ስትሮዚ በ2017 ሁለቱን በአንድ ዐውደ ርእይ ሲያገናኝ ንጽጽሩ ለቪዲዮው ቀላል አልነበረም።

ቫዮላ የሚያይለው ሥዕሉን ሲገለብጠው እንጂ ሲያስጌጠው አይደለም። ጌቲ ሙዚየም አሠርቶት በ2002 የተጠናቀቀው «መውጣት» የተሰኘው የቪዲዮ ሥራው ለዚህ ይበልጥ ጥሩ ምስክር ነው። መነሻው የሆነው የሠዓሊው ማሶሊኖ የ1424 የግድግዳ ሥዕል ዛሬ በኤምፖሊ ሙዚየም አለ፤ ማርያምና ዮሐንስ ከመቃብሩ እስከ ወገቡ የወጣውን ክርስቶስ ደግፈውታል። ቫዮላ ዮሐንስን በሴት ተካ። ሁለቱ ሴቶች በእብነ በረድ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ የገረጣ ወጣት ከጉድጓዱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ውኃው በጎን ይፈሳል። እዚህ ዝግታው ጌጥ አይደለም፤ ይወለድ፣ ሰጥሞ ይውጣ ወይም ይነሣ ሳንለይ ያቆየናል። ከዚያ ሰውነቱ ይዝላል። ትንሣኤ የሚመስለው ቀድሞ ሞቱ ይከተላል፤ ሴቶቹም ተቀብለው መሬት ያስተኙትና በጨርቅ ይሸፍኑታል።