የዜማን ዕቃ ስለ መመርመር፤ ከቆላ ድባ እስከ ባሕር ዳር

በ1512 ዓመተ ምሕረት ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የተላኩት የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ሲደርሱ፣ ከወርቅ ሰይፉና ከጥሩሩ፣ ከመድፉና ከባሩዱ፣ ከዓለሙም ካርታ ጋራ ኦርጋን በገጸ በረከትነት ይዘው እንደ መጡ፣ አብሯቸው የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በመጽሐፉ ጽፎልናል። ኦርጋን በወናፍ ነፋስ እየተመገበ በብዙ ቱቦ የሚያዜም፣ ቱቦውም በመክደኛ የሚዘጋና የሚከፈት፣ ከቆዳ፣ ከእንጨትና ከማዕድን የተገጣጠመ ዕቃ ስለ ሆነ፣ መልእክተኞቹ ዕቃውን ብቻ ልከው ዝም አላሉም፤ የሚጫወተውንም ሰው ከጭፍራቸው ጋራ አምጥተዋል። ስለዚህ ማናቸውንም የዜማ ዕቃ ለመመርመር የሚነሣ ሰው ከመልኩና ከድምፁ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ነገር፣ ይህ ዕቃ በሚኖርበት አገር ቢላላ የሚያጠብቀው፣ ቢቀደድ የሚፈታውና መልሶ የሚገጥመው እጅ ማን ነው የሚለው ይመስለኛል።

በአውሮፓ የጥንት ኦርጋን የሚወዱ ሰዎች በማኅበር ሆነው ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ መዘክር፣ ከቤተ መዘክርም ወደ ሠሪው ደጅ እየዞሩ፣ ወናፉን እየዳሰሱ፣ ቱቦውን እያዳመጡ የመጓዝ ልማድ አላቸው። ከእኛ ወገን እንዲህ ያለ ማኅበር ቢቋቋም ከደምቢያዋ ቆላ ድባ ሊነሣ ይገባዋል ብዬ የምፈርደው ለደምቢያ በማድላት ብቻ አይደለም፤ ደምቢያ በአንድ ወገን ጎንደርን፣ በሌላው ወገን ጣናን ይዞ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ የአቋቋም ትምህርት የሚመሰከርበት የጎንደር በአታ በሰሜን ምሥራቅ፣ ግድግዳዋ በሥዕል የተሸለመው የጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያም በደቡብ፣ ከዚያም ውሃውን ተሻግሮ ደቅና ናርጋ፣ ዘጌና ባሕር ዳር በተራ ይገኛሉና ነው። ማኅበርተኞቹ ወንዶችና ሴቶች ቢሆኑ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለሴት እንደማይከፈቱ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴና የዘጌው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉን እንደሚቀበሉ አስቀድመው ይወቁ። ወደ ዕቃ ቤት መግባት የቄሰ ገበዙ ፈቃድ ነው፤ በዚያም የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ ማየትና መስማት ስለ ሆነ፣ እጅን የሚያሠራ ምርመራ የሚገኘው በጠራቢውና በቆዳ ሠሪው ደጅ ነው።

መንገደኛው አስቀድሞ የሚያጋጥመው ሠሪ የሌለው የሚመስለው ዕቃ፣ የድንጋዩ ደወል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ረዘም ረዘም ያሉ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ከእንጨት ላይ ተንጠልጥለው በትንሽ ድንጋይ ሲመቱ አልቫሬዝም አይቶ ጽፏል፤ ዛሬም በጣና ዳር ገዳማት ይህን ድምፅ የሚሰማ ሰው ነሐስ ተመታ ብሎ ይሳሳታል። ድንጋዩን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ የሰው ጥበብ የሚታየው በምርጫውና በአሰቃቀሉ ነው። ሁለት ጫፉ ነጻ ሆኖ የሚርገበገብ ጠፍጣፋ ነገር ሁሉ ከየጫፉ የርዝመቱን ከመቶ 22 እጅ ያህል ገባ ብሎ የማይርገበገብ ሥፍራ አለው፤ ገመዱ በዚያ ላይ ሲውል ድምፁ ሳይታፈን ረዥም ይሄዳል፣ ከዚያ ሲርቅ ግን ገመዱ ራሱ ድምፁን ይበላዋል። ደወሉን የሰቀለው መነኵሴ ይህን ቍጥር ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ገመዱን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ፣ ጆሮው በቃ እስኪለው ድረስ ሞክሮ ነው ያሰረው። እንግዲህ መርማሪው ገመዱ የታሰረበትን ሥፍራ በዓይኑ ይስፈር፤ ድንጋዩም ተመትቶ ወዲያው የሚሞት፣ የታፈነ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ፣ ለዓይን የማይታይ ስንጥቅ በሆዱ መኖሩን ይጠርጥር።

ከበሮ ግን ከላይ እስከ ታች የሰው እጅ ሥራ ነው። ሊቃውንቱ ሰፊውን አፍ ለመለኮት፣ ጠባቡን ለትስብእት፣ ጠፍሩን ለግርፋቱ ሰንበር፣ ማንገቻውንም ጌታ ለታሰረበት ገመድ አምሳል አድርገው ይተረጕሙታል። ትርጓሜው የከበረ ነው፤ ነገር ግን መልካሙ ከበሮና ክፉው ከበሮ በትርጓሜ እኩል ስለ ሆኑ፣ መርማሪው ይህን በአክብሮት ሰምቶ ወደ እንጨቱ ይመለስ። ዋንዛ ለመፈልፈል የሚመች፣ ለትከሻ የማይከብድና ምስጥ በቀላሉ የማይደፍረው እንጨት በመሆኑ ይመረጣል። ግንዱ ገና ርጥብ ሳለ ይፈለፈላል፤ የግንዱ እምብርት ተፈልፍሎ ሲወጣ የመሰንጠቁ ነገር ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ካልደረቀ፣ ውጭው ከውስጡ ቀድሞ ይጨማደድና ይፈነዳል። ስለዚህ በጠራቢው ጓሮ ከተገኘህ ከተጠናቀቀው ከበሮ ይልቅ ገና በመድረቅ ላይ ያለውን ተመልከት፤ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ጠራቢ ስንጥቁን በሰም ወይም በጭቃ ሞልቶ በጨርቅ ሊሸፍነው ነው። የከበሮው ቀሚስ ያማረ ከሆነ ደግሞ ገለጥ አድርገህ ማየትህን አትርሳ።

የቆዳውን ነገር በዝርዝር ማየት ይገባል። በሬው ሲገፈፍ በጀርባው አከርካሪ ላይ የሚሄደው መሥመር ከሌላው ቆዳ የወፈረና የጠነከረ ነው፤ ብልህ ሠሪ ይህን መሥመር በከበሮው አፍ መካከል ያሳልፈዋል፤ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ እንደ ሆነ ግን አንዱ ጎን ሲጠብቅ ሌላው ይላላል፣ ድምፁም በተመታበት ቦታ ሁሉ ይለያያል። ይህን ለማወቅ የከበሮውን አፍ በጣት ጫፍ ከዳር ዳር እየዞሩ በቀስታ መምታት ነው። ሰፊው አፍ ወፍራሙን፣ ጠባቡ ቀጭኑን ድምፅ መስጠቱ አይበቃም፤ እያንዳንዱ አፍ ከራሱ ጋራ መስማማት አለበት። በክረምት የጣና ዳር አየር ሲረጥብ ቆዳው ይላላል፤ ስለዚህ ከማኅሌት በፊት ከበሮው ፀሐይ ወይም የእሳት ወላፈን ይሞቃል። ፀሐይ ሞቆ ቶሎ የሚመለስ፣ ተመልሶም ሌሊቱን የሚዘልቅ ከበሮ በጠፍሩ አጠላለፍ ይታወቃል፤ በጠፍሮቹ መካከል ያለው ርቀት እኩል ሲሆን ቆዳው ከሁሉ ወገን እኩል ይሳባል። ቆዳውን በሚስማር የቸነከረ ሠሪ ካጋጠመህ ግን ሌላውን ሁሉ መመርመር አያስፈልግህም። ሚስማሩ ይዝጋል፣ እንጨቱን ይሰነጥቃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የላላውን ማጥበቅ፣ የተቀደደውን መለወጥ ይከለክላል። በእኔ ፍርድ የሥራ መልካምነት ዋና መለያው ይህ ነው፦ መልካም ሥራ ሊፈታ ተደርጎ የተሠራ ሥራ ነው፤ ሠሪው ከእርሱ በኋላ የሚመጣውን ሌላ ሠሪ አስቦ፣ ቋጠሮውን ለዚያ ሰው እጅ አመቻችቶ ትቶታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ሥራውን አድንቄ ሠሪውን እንደ ማዋረድ ይሆንብኛል። ማኅሌቱ የሚቆመው በቆዳና በብረት ሆኖ ሳለ፣ ቆዳውን የሚያለፋውን ፋቂ፣ ብረቱን የሚመታውን ቀጥቃጭ እያልን በስድብ ስንጠራ፣ ከዚያም አልፈን ቡዳ ነው እያልን ከገበታችን ስናርቅ ኖረናል፤ ከበሮውን ተሳልመን የገባን ሰዎች ከበሮውን ያለበሰውን ሰው ሰላም ለማለት ተጠይፈናል። ማኅበርተኞቹ ወደ ሠሪው ደጅ ሲደርሱ በስሙ ጠርተው፣ እርስዎ ብለው፣ ዋጋውንም ሳይከራከሩ ቢከፍሉ ያለፈው ነውር ባይካስም አይጨመርበትም።

ስለ ጸናጽል ብዙ የምለው የለኝም። ሊቃውንቱ የያዕቆብ መሰላል አምሳል ነው ይሉታል፤ ከነሐስም ይሁን ከብር፣ ቅጠሎቹ ሳሱ ብለው ቀዳዳቸው ከዘንጉ ጥቂት የሰፋ መሆን አለበት፤ ጠበብ ካለ ይጣበቃሉ፣ ከሚገባው በላይ ሲሰፋ ደግሞ ተበታትነው ይንኳኳሉ። እጅ ሲወርድ ሁሉም አንድ ጊዜ ወድቀው አንድ ጊዜ ዝም ቢሉ ሥራው መልካም ነው።

በገና ግን የምርመራው ሁሉ መፈተኛ ነው። ከማኅሌት ዕቃ አይቆጠርም፤ በዐቢይ ጾም በየቤቱ ለጸሎትና ለተመስጦ የሚደረደር፣ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ ይማሩት የነበረ ዕቃ ነው። ከላይ ቀንበሩ፣ በግራና በቀኝ ሁለቱ ምሰሶዎች፣ ከታች በቆዳ የተሸፈነው ገበቴ፣ በገበቴው ላይ አውታሩን የሚሸከመው በርኩማ፣ ከበርኩማው እስከ ቀንበሩ ዐሥሩ አውታር ይዘረጋሉ። ድምፁን ከሌላው ባለ አውታር ዕቃ የሚለየው በየአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት። አውታሩ ሲርገበገብ ይህችን ቆዳ ደጋግሞ ይነካታል፣ በመንካቱም ያ በደረት ውስጥ የሚሰማው ወፍራም ንዝረት ይወጣል፤ እንዚራዋ ብትወጣ ዕቃው ያው ሆኖ ሳለ ድምፁ ቀጥኖ ይቀራል። በፀጕር ስፋት ወዲያ ወይም ወዲህ ብትል ንዝረቱ ይጠፋል ወይም ይሻክራል። ስለዚህ ሻጩ ዜማ እየደረደረ ሊያስደስትህ ሲሞክር አመስግነህ አስቁመውና፣ ዐሥሩን አውታር አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱ ድምፁን እስኪጨርስ እየቆየ እንዲመታልህ ለምነው። የዐሥሩም ንዝረት አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ከድምፁ ጋራ አብሮ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚዘልቅ ከሆነ እንዚራውን ያበጀው እጅ ሥራውን ያወቀ ነው። ይህን ማድረግ የሚያስፈልገው በጣት ሲደረደር የሚሠሩት አውታሮች ስድስት ያህል ብቻ በመሆናቸው፣ የቀሩት ለጣት ማሳረፊያ ስለሚሆኑ፣ ጉድለታቸው በዜማ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚያልፍ ነው።

አውታሩ በጥንቱ ሥርዓት የበግ አንጀት ተፈትሎ ነው። ክፉ አውታር እንደ ጀማሪ ፈታይ ድውር አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ቀጥኖ ይገኛል፤ እንዲህ ያለውም ቢቃኝ አይቃናም፣ ጥፋቱም የቃኚው ሳይሆን የፈታዩ ነው። ለመለየት ከበገናው ላይ ከመታሰሩ በፊት በሁለት እጅ ወጥሮ በአውራ ጣት መምታትና በብርሃን ፊት ማየት ይበቃል፤ ቀጥ ያለው አውታር ሲርገበገብ ሁለት ጥሩ መሥመር ሠርቶ ይታያል፣ የተዛባው ግን በመካከላቸው ሦስተኛና አራተኛ ጥላ ያሳያል። ዛሬ ብዙዎች በአንጀት ፋንታ ናይለን ያስራሉ፤ እርጥበት ስለማይፈራና ቶሎ ስለማይበጠስ አልነቅፋቸውም፣ ነገር ግን እንዚራውን ሲነካ የሚሰጠው ንዝረት ከአንጀቱ የሳሳ ሆኖ ይሰማኛል። ጆሮውን አስቀድሞ ማለማመድ የሚፈልግ፣ በአዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩት ዓለሙ አጋ የደረደሩትን፣ ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ በ11ኛው ቍጥር የወጣውን ቅጂ ደጋግሞ ይስማ፤ ጆሮ ሳይሠለጥን የተደረገ ጉዞ የእግር ድካም ብቻ ነው።

ለመንገደኛ ተብሎ የሚሸጠው በገና ብዙ ጊዜ ቀንበሩ በመስቀል ቅርጽ ተፈልፍሎ፣ ገበቴው በሥዕል ተሸፍኖ ይቀርባል። ጌጡን አልጠላም፤ ነገር ግን ጌጥ የበዛበትን ዕቃ ከጎን ሆኖ ማየት ደንብ ይሁንልህ። ዐሥሩ አውታር በአንድነት ሲጠብቁ ቀንበሩን ወደ ታች ስለሚስቡት፣ ከጊዜ በኋላ ወደ መሐል የጎበጠ ቀንበር ወይም ወደ ፊት ያዘነበለ ምሰሶ ታገኛለህ፤ ቅርጹ እንጨቱን አሳስቶት ከሆነ ይህ የሚመጣው ፈጥኖ ነው። የገበቴው ቆዳ ርጥብ ሆኖ ተሰፍቶ ሲደርቅ ይወጠራል፤ ስፌቱ በገበቴው ጀርባ በኩል በግልጽ ከተቋጠረ ነገ ሊፈታ ይችላል፣ በማጣበቂያ ተደብቆ ከቀረ ግን ቆዳው በተቀደደ ቀን ዕቃው አለቀ ማለት ነው። መሰንቆም በዚሁ ፍርድ ያልፋል፤ ባለ አንድ የፈረስ ጭራ ዕቃ ስለ ሆነ የሚደብቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ሳጥኑን የሸፈነው ቆዳ በአራቱ ማዕዘን ሳይጨማደድ ከተወጠረና አንገቱ ካልተንገዳገደ ይበቃል።

ማኅበሩ ከባሕር ዳር አልፎ ጉዞውን የሚፈጽመው አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ቤት፣ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር ቢሆን እወዳለሁ። በዚያ የተሰቀለው የዜማ ዕቃ ስለማይመታ ጆሮ ሥራ ይፈታል፤ ዓይን ብቻ ይቀራል። ዓይን ደግሞ የሚፈልገው ያገለገለውን ነው፦ የደርዳሪው ክንድ ያረፈበት ምሰሶ ወዝቶ እንደ ሆነ፣ ቀንበሩ በመቃኘት ብዛት ተፍቆ እንደ ሆነ፣ በገበቴው ከንፈር ዙሪያ ከአሁኑ ስፌት አጠገብ የቆየ የስፌት ቀዳዳ ይታይ እንደ ሆነ። የቆየ ቀዳዳ ያለበት በገና ቢያንስ ሁለት ጊዜ ቆዳ ለብሷል፤ የመጀመሪያው ሠሪ የቋጠረውን ሌላ ሠሪ ፈቶ እንደ ገና ቋጥሮታል። ይህን ለማየት ከጀርባው መዞር ያስፈልጋል፤ ዕቃው ግድግዳ ተጠግቶ ተሰቅሎ ከሆነ ግን ጠባቂውን አስፈቅዶ የእጅ ባትሪ ከጎን ማብራት ይረዳል።