የማብረድ ሌሊቶች

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ፖርትላንድ እኔ ዘንድ የከረመች ጊዜ፣ ጋራዥ ውስጥ ያለውን የመስታወት እቶኔን ጠዋት ጠዋት እየመጣች ትነካው ነበር። በመዳፏ አይደለም፤ የምጣድ ግለት እንደምትለካው በእጇ ጀርባ ነው።

"አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ዛሬም አልበረደም?"

"አልበረደም እማዬ። ገና ነገ ነው።"

"እሳቱ ከጠፋ ሁለት ቀኑ አይደል እንዴ?"

እሳቱ አልጠፋም ነበር። ማቅለጡ ካለቀ ቆይቷል፤ እቶኑ ግን በየጥቂት ደቂቃው እየበራ እየጠፋ ሌሊቱን ያድራል። የሚበራው ለማሞቅ አይደለም፣ ውስጡ ያለው መስታወት ከተፈቀደለት ፍጥነት በላይ እንዳይበርድ ለመያዝ ነው። ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ። በመጨረሻ ራሷ አገኘችው፦ "እንደ ጋለ ምጣድ ነዋ! ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ሲልበት ጧ ይላል።" ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እኔም ለተማሪዎቼ ሰጥቼ አላውቅም።

መስታወት እሠራለሁ ስል ብዙ ሰው የሚታየው በረጅም ቧንቧ እየነፉ መሥራት ነው። የእኔ ሥራ የሚጀምረው ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ባለቀለም ገበታዎች በአልማዝ እቆርጣለሁ፣ እደራርባለሁ፣ እቶኑን ዘግቼ ሙቀቱን የሚመራውን ኮንትሮለር እሞላለሁ። ከ650 እስከ 680 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት መስታወቱ ይለሰልስና ከሥሩ ወዳስቀመጥኩት የሸክላ ቅርጽ ይሰምጣል። 760 አካባቢ ቁርጥራጮቹ ጠርዛቸው እየዞረ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ቅርጻቸውን ግን አይለቁም። 804 ላይ አሥር ደቂቃ ከቆየ ሁሉም ቀልጦ አንድ ገላ ይሆናል።

መስታወት ሲቀልጥ የራሱ ፈቃድ አለው፤ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት መሄድ ይፈልጋል። አንድ ገበታ ብቻውን ከቀለጠ ጠርዙን ወደ ውስጥ ሰብስቦ ይኮማተራል። ሁለት ከተደራረበ ቅርጹን ይጠብቃል። ሦስት ከሆነ ደግሞ ወደ ጎን ይፈሳል፣ ካልገደቡት። ጀማሪ ይህን ሳያውቅ አራት ማዕዘን አስገብቶ ወገቡ የገባ ነገር ሲያወጣ እቶኑ የተበላሸ ይመስለዋል።

ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ጋር አፍሪካ አዳራሽ ገብቼ የአፈወርቅ ተክሌን መስኮት አይቻለሁ። 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም ብርሃን ፊት መቆም ምን ማለት እንደሆነ በቃል ለመግለጽ ዛሬም ይቸግረኛል፤ ወደዚህ ሙያ የገፋኝ እሱ ነው ብል ግን አላጋነንኩም። በዚያ ዓይነት መስኮት ላይ እያንዳንዱ መስታወት በየራሱ ቦታ ተይዞ ይቀመጣል። ቀዩ ከሰማያዊው ጎን ቢሆንም አይነካካም፤ ስለዚህ የትኛውም ቀለም ከየትኛውም ጋር ጎረቤት መሆን ይችላል። በእቶን ሥራ ግን ጎረቤት የለም። ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ፤ አንድ ሥጋ ሲሆኑ ደግሞ ሲበርዱ እኩል መኮማተር አለባቸው። አንዱ ቢበልጥ በመካከላቸው ውጥረት ይቀራል፣ ውጥረት ካለ ዛሬም ባይሆን ነገ ይሰነጠቃል።

እዚህ ፖርትላንድ ውስጥ በ1974 የተመሠረተው ቡልስአይ የተባለው ፋብሪካ ለሙያችን ትልቅ ውለታ የዋለው በዚህ ነው። ሃምቡርግ የተወለደው ክላውስ ሞዬ ከዚያ በፊት የቀለም ዘንጎችን እየቆራረጠ በእቶን ያዋህድ ነበር። በ1979 ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ወዳለው የፒልቸክ ትምህርት ቤት ሊያስተምር መጥቶ ከፋብሪካው ሰዎች ጋር ሲገናኝ የጠየቃቸው አንድ ነገር ነው፦ እርስ በርስ ቢዋሃድ የማይሰነጠቅ ባለቀለም ገበታ። እነሱም ሠሩት። ሞዬ በ1982 ካንቤራ ሄዶ የመስታወት ትምህርት ክፍል አቋቋመ፣ የእጁን ውጤት ያየ ሰው ቀለሙን ጨርቅ የተሸመነ ያህል ሲያጠጋጋው ይገረማል። ያንን ያስቻለው የአርቲስቱ ዓይን ብቻ ሳይሆን የፋብሪካው የየዕለት ፍተሻም ነው።

በሱቅ ገበታው ላይ 90 ወይም 96 የሚል ቁጥር ይታያል። መስታወቱ ሲሞቅ ስንት እንደሚለጠጥ የሚናገር ቁጥር ነው፤ 90 የሆነው አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቢሆን በእያንዳንዱ ዲግሪ የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ ዘጠኝ እጅ ያህል ይረዝማል። ይህችን ታህል ልዩነት ንቀው 90ውን ከ96ቱ፣ ወይም ከመስኮት መስታወት ጋር የሚያቀልጡ አሉ። ከእቶን ሲወጣ ደህና ይመስላል። አትመኑት። ቁጥሩ ራሱ እንኳ ሙሉ ዋስትና አይሆንም፤ መስታወቱ ሲጠጥር ያለው ዝልግልግነትም አብሮ መጣጣም አለበት፤ ስለዚህ ተፈትኖ የወጣውን መግዛት ይሻላል፣ ውድ ቢሆንም።

ቀለሞቹም ጠባይ አላቸው። ቢጫውና ብርቱካናማው ውስጥ ድኝ አለ፤ ቱርኩዋዙ ውስጥ መዳብ አለ። ሁለቱ በሚነካኩበት መስመር ላይ ጥቁር ቡናማ ጥላ ይወጣል። መጀመሪያ ሲገጥመኝ ሥራው የተበላሸ መስሎኝ አዘንኩ፤ ዛሬ ያንን መስመር እርሳስ አድርጌ እስልበታለሁ። ወርቅ ያለበት ሮዝ ደግሞ ሲገዛ ቀለም የለሽ ሊመስል ይችላል፤ እሳት ካላየ ማንነቱን አያሳይም።

ወደ ማብረዱ ልመለስ፣ የሙያው ልብ እዚያ ነውና። መስታወት ከላዩ ቀድሞ ይበርዳል። ላዩ ሲደርቅ ሆዱ ገና ትኩስ ነው፤ በኋላ ሆዱ ሲኮማተር የደረቀውን ቆዳ ወደ ውስጥ ይጎትተዋል። ይህ እንዳይሆን በ482 ዲግሪ ላይ አቁመን ከላይ እስከ ታች አንድ ሙቀት እስኪሆን እንጠብቃለን፤ እኔ ይህን ማስከን እለዋለሁ። 12 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል፣ ከዚያ በሰዓት 55 ዲግሪ ይወርዳል። 25 ሚሊ ሜትር ሲሆን አራት ሰዓት ይሰክንና በሰዓት 15 ዲግሪ ብቻ ይወርዳል። 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን ስምንት ሰዓት፣ ከዚያ በሰዓት 4 ዲግሪ እንኳ በማትሞላ ፍጥነት። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ በአራት ይካፈላል። በ1934 ኒውዮርክ ስቴት፣ ኮርኒንግ ውስጥ ለፓሎማር ቴሌስኮፕ የተጣለው አምስት ሜትር ስፋት ያለው መስታወት አሥር ወር ሙሉ የበረደው በዚሁ ሕግ ነው።

ይህን ሕግ እያወቅኩ የጣስኩበት ቀን አለኝ። ለአንዲት ወዳጄ ልጅ ሠርግ ሰፊ ሳህን ሠራሁ። ዳሩ ሁለት ድርብ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን እንደ መሶብ ሰፌድ ጥለት ሦስት ድርብ ጨመርኩና 15 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሠርጉ ደርሶ ስለነበር ኮንትሮለሩን የሞላሁት በዳሩ ውፍረት ነው። ሳህኑ ምንም ሳይሆን ወጣ፤ ከሠራኋቸው ሁሉ ያማረ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌሊት፣ ማንም ሳይነካው፣ ከሙሽሮቹ መደርደሪያ ላይ ጮሆ ተሰነጠቀ። ሙሽሪት ስትደውልልኝ ድምፅዋ ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል ነበር፤ ጥፋቱ የሷ አልነበረም። ቁርጥራጩን አስመጥቼ አየሁት። ስንጥቁ ወፍራሙን ጥለት ዙሪያውን ተከትሎ ሄዷል፣ ጠርዙም ምላጭ ነው። የስንጥቅ ጠርዝ ዞሮ ከለሰለሰ መስታወቱ የተሰበረው ሲሞቅ ነው፣ ከዚያ በኋላ እሳት አይቷል ማለት ነው፤ ስለት ከሆነ ግን ሲበርድ ወይም ከበረደ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ውፍረቱ ያልተስተካከለ ሥራ ሲሆን የወፍራሙን ቦታ እጥፍ አድርጌ አስባለሁ፤ 15 ከሆነ እንደ 30 አበርደዋለሁ። ለሙሽሮቹም ሌላ ሠራሁላቸው።

የቀረው ዝግጅት የእጅ ልማድ ነው። የእቶኑን መደርደሪያ በሸክላ አፈርና በአሉሚና ውሃ አራት አምስት ጊዜ፣ በየአቅጣጫው በለስላሳ ብሩሽ እቀባለሁ፤ ካልተቀባ መስታወቱ ተጣብቆ ይቀራል። በጣት የተነካ መስታወት ሲወጣ ሻጋታ የመሰለ ነጭ ጉም ይይዛል፣ ስለዚህ አጥቤ በንጹሕ ጨርቅ አደርቃለሁ። ሲሞቅ 650 አካባቢ ግማሽ ሰዓት አቆመዋለሁ፣ በድርቦቹ መካከል ያለው አየር እንዲወጣ። ዱቄት መስታወት ስነሰንስ ደግሞ ለአቧራ የተሠራ ጭምብል ሳላደርግ ጣሳውን አልከፍትም። ሳንባ አይተካም፤ በዚህ ጉዳይ ከማንም ተማሪ ጋር አልደራደርም።

እናቴ በየጠዋቱ ስትነካው የነበረው እቶን ውስጥ የተኛው አምስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፈዛዛ ሰማያዊ ጡብ ነበር። ከማስከኑ እስከ ክፍሉ ሙቀት 47 ሰዓት ፈጅቷል። ክዳኑን ያነሳሁት እሷ አጠገቤ ቆማ ነው። በእጇ ጀርባ ነካችው፣ ከዚያ በመዳፏ።

ወደ ጠረጴዛው ወስጄ በሁለት የፖላራይዝድ ገጾች መካከል አስገባሁትና ከሥር መብራት አበራሁ። ሁለቱ ገጾች ተጠላልፈው ሲቀመጡ ብርሃን አያሳልፉም፤ በመካከላቸው ያለው መስታወት ውጥረት ከያዘ ግን በዚያ ቦታ ብርሃን ሾልኮ እንደ ጨረቃ ዙሪያ ያበራል። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

"ምንም አይታየኝም። ጨለማ ነው።"

"ጥግ ጥጉንስ እማዬ?"

ቀስ ብላ በአራቱም ማዕዘን ዞረች፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ በትከሻዋ በኩል አብሬ አየሁ።

"ጥግ ጥጉም ጨለማ ነው" አለች።