መግለጥና መጋለጥ፦ የጃፓን ቡራኩሚን የመብት ንቅናቄ ሲፈተሽ

ስለ ቡራኩሚን የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ጉዳዩን የድህነት ጉዳይ ያደርገዋል፤ የተፋፈገ መንደር፣ ያዘመመ ቤት፣ ከትምህርት የቀረ ልጅ። ይህ እውነት ነው፤ ሥሩ ግን አይደለም። እኔ እንደማየው፣ ንቅናቄው ከመቶ ዓመት በላይ የታገለው አንድ ሰው ከየት እንደ ተወለደ የመናገር ሥልጣን የማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

በቶኩጋዋ ዘመን የቡራኩሚን ቅድመ አያቶች የሆኑት ቆዳ ፋቂው፣ የሞተ ከብት አንሺውና የሞት ፍርድ አስፈጻሚው «ኤታ» እና «ሂኒን» ተብለው በተለየ መንደር ተወስነው ይኖሩ ነበር። በ1871 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው አዋጅ እነዚህን መደቦች ሰረዘ። የሞተ ከብት ለእነሱ ብቻ የሚተውበት የቆየ መብትም በዚያው ዓመት ስለ ቀረ፣ እኩልነቱ ከኪሳራ ጋር መጣ። በ1873 በሚማሳካ አዋጁን የተቃወሙ ገበሬዎች የቡራኩሚኑን መንደሮች አቃጠሉ፤ ሰውም ገደሉ። በ1872 የተዘጋጀው የቤተሰብ መዝገብ ደግሞ አንዳንድ ቦታ የቀድሞውን መደብ የሚጠቁም ቃል ይዞ ቀረ። ይህ መዝገብ ከሕዝብ ዓይን የተዘጋው በ1968 ነው፤ አዋጁ የሰረዘውን መዝገቡ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ጠብቆ አቆየው ማለት ነው።

ሺማዛኪ ቶሶን በ1906 ባሳተመው «ሃካይ» በተሰኘው ልቦለድ፣ ኡሺማትሱ የተባለው መምህር ትውልዱን ለማንም እንዳይናገር ከአባቱ አደራ ተቀብሏል። ምስጢሩ ሲያንቀው ለተማሪዎቹ ይናገራል፤ ግን ተንበርክኮ፣ ይቅርታ እየለመነ ነው። ከዚያም ወደ ቴክሳስ ለመሄድ ይነሣል። የደራሲው ሐዘኔታ ልባዊ መሆኑን አልጠራጠርም። ሆኖም በዳዩ ቆሞ ተበዳዩ የሚንበረከክበት ኑዛዜ ነጻነት ሊሆን አይችልም።

ማርች 3 ቀን 1922 በኪዮቶ የተመሠረተው የቡራኩሚን ማኅበር ሱይሄይሻ ይህን ገለበጠው። በናራ ከምትገኘው ካሺዋባራ የመጣው ሳይኮ ማንኪቺ ያረቀቀው መግለጫ የሌሎችን ምጽዋትና ርኅራኄ አልፈለገም፤ አባላቱ በተሰደቡበት ስም እንዲኮሩ፣ ነጻ መውጣትንም ከራሳቸው እንዲጠብቁ ጠራቸው። በጥቁሩ ባንዲራቸው ላይ ቀይ የእሾህ አክሊል ነበር። ኡሺማትሱ ተንበርክኮ የተናገረውን እነዚህ ቀና ብለው ተናገሩት። ከፉኩኦካ የተነሣውና ለረጅም ዘመን የመራቸው ማትሱሞቶ ጂኢቺሮ፣ በ1948 የምክር ቤት ምክትል አፈ ጉባኤ ሳለ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት እንደ ልማዱ ወደ ጎን እየተራመዱ መቅረብን እምቢ አለ።

የንቅናቄው ዋና መሣሪያ «ኪዩዳን» ነበር፤ የሰደበውን ወይም ያገለለውን ሰው በጉባኤ ፊት አቁሞ መሞገት። ፍርድ ቤት ለማይሰማው ሰው ይህ የክብር መድረክ እንደ ነበር አምናለሁ። ነገር ግን በ1974 በህዮጎ አውራጃ በዮካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሱይሄይሻ ወራሽ የሆነው የቡራኩ ነጻነት ሊግ አባላት መምህራንን ደበደቡ። ይህ በምንም የጥንት በደል አይመካኝም። ንቅናቄው ሌሎችን በኃይል ማናዘዝ ሲጀምር፣ ራሱ የሸሸውን ግዳጅ በሰው ላይ ጫነ።

በ1969 የወጣው የልዩ እርምጃዎች ሕግና ተከታዮቹ እስከ 2002 ድረስ ቤት ሠሩ፣ መንገድ አወጡ። መንደሮቹ ተለወጡ። ሥራው በተጋጋለበት በ1975 ግን የቡራኩ መንደሮችን ስምና አድራሻ የያዙ መጻሕፍት በድብቅ ሲሸጡ ተገኙ። ከ200 በላይ ድርጅቶች የሥራ አመልካች ለማጣራት ገዝተዋቸዋል። አዲስ ቤት የገባው ሰው አድራሻው አሁንም ይከሰው ነበር።

ዛሬ ዝርዝሩ የሚሠራጨው በኢንተርኔት ነው። በ1936 የተጠናቀረ የመንደሮች ጥናት እንደገና ለመታተምና በድረ ገጽ ለመውጣት ሲበቃ፣ ሊጉና አባላቱ ከሰሱ። የቶኪዮ ወረዳ ፍርድ ቤት በ2021 ጉዳዩን በግል ሕይወት ምስጢር መነጽር ስላየው፣ ትውልዳቸውን በአደባባይ ለተናገሩ አንዳንድ ከሳሾች ጥበቃ ነፈገ። በዚህ አተያይ የ1922ቱ መሥራቾች ራሳቸው ጥበቃ ባላገኙ ነበር! በ2023 ይግባኝ ሰሚው ችሎት መሠረቱን ለወጠና ከመድልዎ ነጻ ሆኖ የመኖር ጥቅምን በሕግ የሚጠበቅ አድርጎ አወቀ፤ በራስ ፈቃድ መናገርና በሌላ እጅ መጋለጥ ተለያዩ። ይህን ከ1871ዱ አዋጅ ያላነሰ ዋጋ እሰጠዋለሁ። የ2016ቱ የቡራኩ መድልዎ ማስወገጃ ሕግ ግን የቅጣት አንቀጽ የለውም፤ ስለዚህ ስሙ በዝርዝር የወጣበት መንደር ተወላጅ ዛሬም ጠበቃ ይዞ፣ ዓመታት ጠብቆ፣ በደሉን ራሱ ማስረዳት አለበት።