«የጠመንጃ ዓይነት» የሚለው ፍች የሚያጐድለው፦ በአዳኞች ምርጫና በመዝገበ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

ለአንድ ቃል ፍች መስጠት ማለት ቃሉ የሚገባበትን ወገን መጥቀስ ብቻ አይደለም፤ ከወገኑ የሚለይበትን ጠባይም ማሳየት ነው። ይህ ደንብ በመዝገበ ቃላት ሥራ የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ጦር መሣሪያና ወደ አደን ቃላት ሲደረስ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። «ስናድር»፣ «ውጅግራ»፣ «ምንሽር»፣ «ቤልጅግ» የሚሉት ቃላት እያንዳንዳቸው «የጠመንጃ ዓይነት» ተብለው ቢታለፉ ፍቹ ሐሰት አይባልም፤ ነገር ግን አራቱን ቃላት አንድ ቃል ያደርጋቸዋል። ወይራን፣ ዝግባንና ኮሶን «የዛፍ ዓይነት» ብሎ ከማለፍ አይሻልም።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የሚከተለው ነው። አዳኞች ከትውልድ ወደ ትውልድ ጠመንጃ የለወጡት አዲስ ነገር ስለ ወደዱ ብቻ አይደለም፤ ጠመንጃን የሚመዝኑበት ሚዛን ራሱ ስለ ተለወጠ ነው። የጠመንጃ ስም ከነሙሉ ትርጕሙ የሚኖረው ያ ሚዛን አብሮት ሲነገር ነው። ስለዚህ በቅድሚያ የምርጫውን ታሪክ ከውጭ አገር አዳኞች ጽሑፍ እንመለከታለን፤ ቀጥሎም ወደ አማርኛው እንመለሳለን። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

1. የአረር ክብደት የተመረጠበት ዘመን

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861–62 በሰቲትና በአንገረብ ወንዞች አካባቢ ዝሆን ያደነበትን ታሪክ በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኳል። ከያዛቸው መሣሪያዎች አንዱ ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን አረር የሚተኩስ እጅግ ከባድ ጠመንጃ ነበር። ዐረብኛ ተናጋሪ አጃቢዎቹ «የመድፍ ልጅ» የሚል ስም አወጡለት። በዚህ ስም ውስጥ ያለው የዐረብኛ ቃል የእኛው «መድፍ» ዘመድ ነው፤ ተርጓሚው «ትልቅ ጠመንጃ» ብሎ ካለፈው የዘመኑ ሰዎች የሰጡትን ፍርድ ይሰርዛል። በጥቁር ባሩድ ዘመን የአረሩን ፍጥነት መጨመር አስቸጋሪ ስለ ነበር፣ ኀይል የሚገኘው አረሩን በማክበድ ነበር። አዳኙ ስለ ጠመንጃው መልካምነት ሲናገር የሚናገረው ስለ እርሳሱ ክብደት ነው።

በ1871 ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ፍሬዴሪክ ሴሉስም ዝሆን ማደን ሲጀምር የያዘው በአፈሙዙ የሚጐርስ «ባለ 4 ቦር» ጠመንጃ ነበር። ተርጓሚዎች ሊጠነቀቁበት የሚገባ ቁጥር ይህ ነው። አራቱ ሚሊሜትር አይደለም፤ ከአንድ ፓውንድ እርሳስ የአፈሙዙን ውስጥ የሚሞሉ አራት ክብ አረሮች ይወጣሉ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ «ባለ 4» ከ«ባለ 12» እጅግ የሰፋ ነው። ይህን ያላስተዋለ ትርጕም ዝሆን መጣያውን የወፍ መምቻ ያደርገዋል።

2. ጢስ የሌለው ባሩድና የሚዛኑ መለወጥ

ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፖል ቪዬይ በ1884 ጢስ የሌለውን ባሩድ ሠራ፤ በ1886 የፈረንሳይ ጦር 8 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን የለቤል ጠመንጃ ያዘ። አረሩ ቀጠነ፣ ፈጠነ፣ ሩቅ ሄደ። በአዳኞች ዘንድ የዚህ ለውጥ ዋና ምስክር ስኮትላንዳዊው ዋልተር ቤል ነው። ቤል ከሺሕ በላይ ዝሆኖች የገደለ ሲሆን፣ አብዛኞቹን የጣለው 7 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ጠመንጃ ነው። በ1923 የታተመው መጽሐፉ በምዕራብ ኢትዮጵያ ስላለው ስለ ጊሎ ወንዝ የሚናገር ምዕራፍ አለው። የዝሆንን ራስ ቅል አጥንቶ የአንጐሉን ስፍራ ስለ ለየ፣ ከአረሩ ክብደት ይልቅ የሚመታበትን ቦታና ጠልቆ የመግባት ችሎታውን መረጠ።

ሆኖም አዲሱ ትውልድ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ረታው ማለት አይደለም። ሌሎች አዳኞች በቅርብ ለሚመጣ ጎሽና ዝሆን ከባዱን አረር መምረጣቸውን አልተዉም፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮችም ሕጉ ለአደገኛ አውሬ ዝቅተኛ የአፈሙዝ ስፋት ወስኗል። «ዘመናዊ» የሚለው ቅጽል ብቻውን ፍች ለመሆን የማይበቃውም ስለዚህ ነው።

3. አያት፣ አባትና የልጅ ልጅ

በአሜሪካ የአጋዘን አዳኞች ዘንድ የትውልዱ ልዩነት ይበልጥ ግልጽ ነው። አያት የያዘው የ1894ቱን ዊንቸስተር ነበር፤ በቃታው ሥር ባለ ማንሻ የሚያቀባበል፣ ቀላል፣ ለጫካና ለቅርብ ርቀት የሚመች ጠመንጃ ነው። አባት ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ በእጅ የሚሳብ መዝጊያ ያለውን የጦር ጠመንጃ ለምዶ ነበር፤ በ1936 የወጣው የዊንቸስተር ሞዴል 70 ይህን ልማድ ወደ አደን አገባው። የልጅ ልጅ በበኩሉ በ2007 ለዒላማ ተኩስ የወጣውን 6.5 ክሪድሙር ጥይት ለአደን መረጠ፤ የእርሱ ሚዛን በሩቅ ርቀት በትክክል መምታትና ለትከሻ መለስለስ ነው። አያት ቅለትን፣ አባት የመዝጊያን ጽናት፣ የልጅ ልጅ ርቀትን መዘኑ።

እዚህም ቁጥሮቹ ተርጓሚን ያስታሉ። «30-30» ሲባል የመጀመሪያው 30 የአፈሙዙ ስፋት በኢንች መቶኛ ነው፤ ሁለተኛው 30 መጀመሪያ የተወሰነለት ባሩድ ክብደት በግሬን ነው። በ«30-06» ግን 06 ክብደት ሳይሆን ጥይቱ በጦሩ የጸደቀበት ዓመት፣ 1906 ነው። በ«6.5» ደግሞ ቁጥሩ ሚሊሜትር ነው። ሦስቱን በአንድ መንገድ የሚተረጕም ሰው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያደባልቃል።

4. የአማርኛው ስሞች የተሸከሙት

በእኛ አገር አዳኝና ወታደር ብዙ ጊዜ አንድ ሰው፣ መሣሪያውም አንድ መሣሪያ ነበር። ስለዚህ የጠመንጃ ስሞቻችን የጦርነትንም የአደንንም ታሪክ ይዘዋል። «ስናድር» ከፈልሳፊው ከጄኮብ ስናይደር ስም የመጣ ነው፤ በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ይህን ከኋላ የሚጐርስ ጠመንጃ ነበር። «ውጅግራ» ከፈረንሳይኛው «ፊዚ ግራ» ወጥቶ በአማርኛ አንደበት «ፊ» ወደ «ው»፣ «ዚ» ወደ «ጅ» የተለወጠ ነው። «ፊዚ» ራሱ ጠመንጃ ማለት ስለ ሆነ፣ «ውጅግራ ጠመንጃ» ያለ ሰው ጠመንጃን ሁለት ጊዜ ጠርቷል። «ቤልጅግ» የአገር ስም ለዕቃው የተሰጠበት ነው። «ምንሽር» ከኦስትሪያው «ማንሊኸር» ጋር የድምፅ ዝምድና ይታይበታል፤ በግጥምና በዘፈን ግን ከአንድ ፋብሪካ ሥራ አልፎ የተወደደ ጠመንጃ መጠሪያ ሆኗል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ከሥርወ ቃሉ ይልቅ በአጐራረሱ ላይ ነው። አማርኛ ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ «አንድ ጎራሽ»፣ «አምስት ጎራሽ» ይባላል። ስናድርና ውጅግራ አንድ ጎራሽ ናቸው። በፉከራው ውስጥ ውጅግራውን ጠርቶ «አንበሳ ገዳይ» የሚል ሰው፣ የመጀመሪያው ጥይት ቢስት መዝጊያውን ስቦ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ ሌላ ጥይት እስኪያጐርስ ድረስ አውሬው የማይጠብቀው ሰው ነው። የጢሱም ደመና ዐይኑን ይጋርደዋል። ሰሚው ይህን ያውቅ ስለ ነበር የጠመንጃው ስም የጀግንነቱ መለኪያ ነበር። ፍቹ «የጠመንጃ ዓይነት» ብቻ ሲሆን ግን ባለ ውጅግራውና ባለ ክላሹ እኩል ይሆናሉ፤ የዛሬው ወጣት አንባቢ የፉከራውን ቃል ያነባል፣ ፍርሃቱን ግን አያገኘውም።

«ጠመንጃ» የሚለው ወል ስምም ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ከ«ጠበንጃ» የመጣ ሲሆን፣ መነሻው የሆነው የቱርክኛ ቃል ዛሬ በአገሩ ሽጉጥን ይጠራል። በአማርኛ ግን አፈሙዙ ልሙጥ የሆነውንም፣ ውስጡ አረሩን በሚያሾሩ ጥምዝ መስመሮች የተቈፈረውንም አንድ ላይ ይይዛል። እንግሊዝኛው ሁለቱን በተለያየ ስም ስለሚጠራ፣ ተርጓሚው ልዩነቱ ለታሪኩ በሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ «ልሙጥ አፈሙዝ» እና «ጥምዝ አፈሙዝ» ብሎ ሊገልጸው ይችላል።

5. የቀረበ አሳብ

ለእያንዳንዱ የጠመንጃ ስም አምስት ነገሮች ቢሟሉ በቂ ነው፦ የቃሉ ምንጭ፤ ዘመኑ፤ አጐራረሱ፤ የባሩዱ ዓይነትና የአፈሙዙ ስፋት፤ በሥነ ቃል ያለው አገባብ። ለምሳሌ፦

ውጅግራ፦ ስ. (ፈረንሳይኛ፣ ፊዚ ግራ) በ1874 በፈረንሳይ የጸደቀ፣ ባለ 11 ሚሊሜትር፣ ጥቁር ባሩድ የሚጠቀም አንድ ጎራሽ ጠመንጃ። በፉከራና በቀረርቶ ይጠራል።

ቤልጅግ፦ ስ. (ከአገር ስም) በቤልጅግ የተሠራ፣ የማውዘር መዝጊያ ያለው፣ ጢስ የሌለው ባሩድ የሚጠቀም አምስት ጎራሽ ጠመንጃ።

መዝገበ ቃላት የጦር ግምጃ ቤት ዝርዝር ሊሆን አይገባውም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው እውነትነት አለው፤ ስለ ብረቱ ዓይነት፣ ስለ ፋብሪካው ቁጥር መጻፍ የሌላ ሞያ ነው። ከላይ የተሰጡት ፍቾች ግን ከሁለትና ከሦስት መሥመር አልበለጡም፤ የያዙትም ተናጋሪው አንዱን ከሌላው ያስመረጠውን ልዩነት ብቻ ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ ዕቃ ምንድን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ሰዎች ይህን ትተው ያንን ለምን ያዙ?» ብሎም ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ካላቸው መካከል በልጅነታቸው ከአባቶቻቸው ሰምተው የሚያስታውሱ አረጋውያን ይገኛሉ። የቃል ሰብሳቢዎች የጠመንጃውን ስም ሲመዘግቡ ምርጫውንም አብረው ቢመዘግቡ፣ ስሙ ከነነፍሱ ለተከታዩ ትውልድ ይደርሳል።